የሽፋሽፍት ማሳደጊያ መድኃኒት፦ ከመቀባትሽ በፊት፣ ስትቀቢና ስታቆሚ

ሰርግ ሲቃረብ ነው የሚመጡት። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እናቷን አስከትላ እኔ ወደምሠራበት የደሴ መድኃኒት ቤት ገባችና ከአውራ ጣት የማትበልጥ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። እህቷ ከጅዳ የላከችላት ናት። «ሽፋሽፍት ታሳድጋለች ተብያለሁ፤ ዐይኔ ውስጥ ነው የምጨምራት ወይስ እቀባታለሁ?» አለችኝ። ልመልስላት ስል ዐይኔ እናትየው ላይ አረፈ። በሻሻቸው ጫፍ ግራ ዐይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጠርጋሉ። ምን ሆነው እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «አይ ፀጉሩ ነው ልጄ፣ ይወጋኛል። በወረንጦ እነቅለዋለሁ፤ ደሞ ይበቅላል» አሉኝ።

እንግዲህ አንድ ባንኮኒ ፊት ልጅቷ ሽፋሽፍቷ እንዲያድግላት፣ እናትየው እንዳያድግባቸው ቆመዋል።

ይህን የምጽፈው ከዚያ ቀን የተነሣ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል፤ እንዴት እንደሚቀባም ከታች እነግርሻለሁ። ግን እኛ አገር ሽፋሽፍት ከውበት በፊት የዐይን ጤና ጉዳይ ስለሆነ፣ ከመቀባቱ በፊት ያለው ሥራ ከመቀባቱ ይበልጣል። እሱን ዘለሽ ወደ አቀባቡ እንዳትሄጂ።

መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ስሙ ቢማቶፕሮስት ነው። መጀመሪያ የወጣው ለግላኮማ፣ የዐይን ግፊት ጨምሮ ነርቩን ለሚጎዳው በሽታ ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ሉሚጋን በሚል ስም አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ጠብታውን የሚወስዱ ሕመምተኞች ሽፋሽፍታቸው ሲረዝም፣ ሲወፍርና ሲጠቁር ታየ። የጎንዮሽ ውጤት የነበረው ነገር በራሱ ተፈላጊ ሆነና ያው መድኃኒት በ2008 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ ላቲስ በሚል ስም፣ መጠኑ 0.03 በመቶ ሆኖ፣ ለሳሳ ሽፋሽፍት ተፈቀደ። ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም።

አሠራሩን ለመረዳት የሽፋሽፍትን ዕድሜ ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ፀጉር የሚያድግበት፣ የሚያርፍበትና የሚረግፍበት ጊዜ አለው። የራስ ፀጉር ለዓመታት ያድጋል፤ ሽፋሽፍት ግን ለሳምንታት ብቻ ነው የሚያድገው። ሹሩባ የማይሠራበትም ለዚህ ነው። ቢማቶፕሮስት ይህን የማደጊያ ጊዜ ያስረዝማል፣ ያረፉትንም ሥሮች ወደ ማደግ ይመልሳል። አዲስ ሥር ግን አይፈጥርም። የዐይን ቆቡ ተቃጥሎ ወይም ጠባሳ ይዞ ሥሩ ከጠፋ፣ ዓመት ሙሉ ብትቀቢ የሚበቅል ነገር የለም።

ለፈቃዱ መሠረት የሆነው ጥናት 278 ሰዎችን ለ16 ሳምንት ተከታትሏል። መድኃኒቱን ከተቀቡት 78 በመቶው ላይ በዐይን የሚለይ ለውጥ ታየ፤ መድኃኒት የሌለበትን ፈሳሽ ከተቀቡት 18 በመቶው ላይ ብቻ። ርዝመቱ በአማካይ 25 በመቶ ጨመረ። አንዳንድ ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ቅንድብ የሚነካ ሽፋሽፍት አይደለም፤ የራስሽ ሽፋሽፍት ነው፣ ሩብ ያህል ረዝሞ።

መጀመሪያ ቆብሽ ይገልበጥ

ወደ ዐይን ሐኪም ስትሄጂ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ቅባት ይታዘዝልኝ» አይሁን። «የዐይን ቆቤን ገልብጣችሁ እዩልኝ» በይ። አማራ ክልል ትራኮማ የተባለው ተላላፊ የዐይን በሽታ በአገሪቱ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ወሎም ከዚሁ አይወጣም። ትራኮማ በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛውን ቆብ ውስጡን ያጠባስሰዋል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ይኮማተርና የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስባል። ያኔ ሽፋሽፍቱ ተቀልብሶ በተርገበገብሽ ቁጥር ጥቁሩን የዐይን ክፍል ይፈትጋል። ፍተጋው ሲቆይ ነጭ ጠባሳ ይጥላል፣ ብርሃን ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትራኮማ የሚታወሩ ሴቶች ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይደርሳሉ፤ ልጅ የሚያዝለውና የልጅ ፊት የሚጠርገው ማን እንደሆነ ስታስቢው አይገርምም።

እንዲህ ባለ ቆብ ላይ ፀጉሩን የሚያረዝምና የሚያወፍር መድኃኒት መቀባት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። የሚፈትገው ፀጉር ይበረታል እንጂ ሌላ ምንም አታተርፊም።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱ ካለብሽ ቅባቱን እርሺው፣ መጀመሪያ ታዪ። ዐይንሽ ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ይቆረቁርሻል፤ ፀሐይ ስታይ እንባሽ ይወርዳል፤ አንድም ቀን ይሁን የሚወጋሽን ሽፋሽፍት በወረንጦ ነቅለሽ ታውቂያለሽ፤ እናትሽ ወይም አያትሽ ወረንጦ ከጎናቸው አይለይም። ሁለት ፀጉር ብቻ ቢሆንም ይቆጠራል። መንቀል ለጊዜው ያስታግሣል፤ ተመልሶ የሚበቅለው ግን አጭርና ጠጣር ስለሚሆን የባሰ ይወጋል።

የተቀለበሰ ሽፋሽፍት መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው። ቆቡ ብቻ ደንዝዞ ይሠራል፣ በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ፤ ሥልጠና የወሰዱ የዐይን ባለሙያዎች በጤና ጣቢያ ጭምር ይሠሩታል። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዐይን ሕክምናው የታወቀ ነው። እናትየውን ያን ቀን ወደ ሐኪም ላክኋቸው። «ቀዶ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ደንግጠው ነበር፤ አብሽሩ፣ ጥርስ ከማስነቀል አይከብድም ብዬ አሳመንኋቸው። በኋላ እንደነገሩኝ ውሸት አልሆነብኝም።

ሽፋሽፍትሽ ለምን ሳሳ?

ሁለተኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ከድሮም አጭር ከነበረ ነገሩ ቀላል ነው። ነበረና ከረገፈ ግን ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ማሳደጊያ መቀባት የሚያፈስ ጣራ ሥር ምንጣፍ እንደመለወጥ ነው።

ብዙ ጊዜ የማየው የቆብ ጠርዝ ብግነት ነው። ጠዋት ስትነሺ ሽፋሽፍትሽ ሥር ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት ይኖራል፣ ጠርዙ ይቀላል፣ ያሳክካል። ይህ የሚድነው ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ቆቡን በማሞቅና ጠርዙን በየቀኑ በማጽዳት ነው፤ ካስፈለገ ሐኪሙ የአንቲባዮቲክ ቅባት ይጨምርበታል። ብዙ ሰው ይህን አድርጎ ሌላ መድኃኒት ሳያስፈልገው ሽፋሽፍቱ ተመልሶለታል።

የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ሽፋሽፍትና ቅንድብ ያሳሳል፤ ድካም፣ የክብደት መለዋወጥ፣ የወር አበባ መዛባት ካለበት የደም ምርመራ ይጠየቅ። ፀጉርን በክብ በክብ የሚያረግፈው፣ ብዙው ሰው ላሽ የሚለው በሽታም ሽፋሽፍት ይነካል፤ እሱ የቆዳ ሐኪም ድርሻ ነው፣ ቢማቶፕሮስትም እዚያ ላይ ብዙ አያግዝም። የሥጋ ደዌ ደግሞ ከቆዳ መደንዘዝ ጋር ቅንድብና ሽፋሽፍት ያረግፋል። ቦሩ ሜዳ በዚህም ሕክምና ስሙ የቆየ ነው፤ በሽታው በጊዜ ከተያዘ በመድኃኒት ይድናል፣ የሚያስደብቅም ነገር የለውም። በኬሞቴራፒ የረገፈ ሽፋሽፍት ብዙውን ጊዜ ሕክምናው ሲያበቃ ራሱ ይመለሳል፤ ቢማቶፕሮስት እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ተጠንቶ መመለሱን እንደሚያግዝ ታይቷል።

አንድ ነገር ላስምርበት። አንድ ዐይን ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ ሽፋሽፍት ረግፎ እዚያው እብጠት ወይም የማይድን ቁስል ካለ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ፣ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል አይዋል አይደር።

ሐኪሙ ፊት የምትናገሪው

ነፍሰ ጡር ነሽ? ጡት ታጠቢያለሽ? አዎ ካልሽ ይቆይ፤ ለሰርግ ለሚሆን ነገር ጽንስ ላይ አይሞከርም። የዐይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተሠርቶልሽ ያውቃል? ዐይንሽ ውስጥ ብግነት ነበረብሽ? የግላኮማ ጠብታ ትወስጃለሽ? እነዚህን ሳትጠየቂ ተናገሪ። በተለይ የመጨረሻው ወሳኝ ነው፤ ቢማቶፕሮስት ራሱ የዐይን ግፊት ስለሚቀንስ የሕክምናሽን ልኬት ያደናግራል፣ ከዚያው ወገን ከሆነ ጠብታ ጋር ሲደረብ ደግሞ የግፊት መቀነሱን ሊያደክመው ይችላል። ከመጀመርሽ በፊት ግፊትሽ ቢለካና ቢመዘገብ ጥሩ ነው።

ጠርሙሷን አንብቢ

ማዘዣውን ይዘሽ ስትገዢም ሆነ ከውጭ ሲላክልሽ ሦስት ነገር ፈልጊ፦ ቢማቶፕሮስት የሚል ስም፣ 0.03 በመቶ የሚል መጠን፣ ያልተከፈተ እሽግ ከነማብቂያ ቀኑ። የልጅቷ ጠርሙስ ላይ በወርቅማ ፊደል «ሴረም» ከሚል በቀር አንድም የተጻፈ ነገር አልነበረም። እንዲህ ያሉት አንዳንዶቹ የቢማቶፕሮስት ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር መጠኑ ሳይገለጽ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ዘይት ብቻ ናቸው። የቱ እንደሆነ ዐይንሽ ላይ ሞክረሽ ማወቅ የለብሽም።

ሌላም ስሕተት አለ። 0.01 በመቶ የሆነው ሉሚጋን «ያው ነው» ተብሎ ይሰጣል። ያው አይደለም፤ መድኃኒቱ አነስተኛ ሲሆን ዐይን የሚያስቆጣው ማቆያ ኬሚካል በዝቶበታል። ላታኖፕሮስት የተባለው የግላኮማ ጠብታም ሽፋሽፍት ያሳድጋል፤ ለዚህ ሥራ ግን አልተፈቀደም። የአባትሽን የግላኮማ ጠብታ እየቀነሱ መቀባት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። ጠብታው ከወሩ በፊት ያልቅና አባትሽ መድኃኒት ሳይወስዱ ይሰነብታሉ፤ በግላኮማ የጠፋ ብርሃን ደግሞ አይመለስም።

ማስቀመጫው ከ2 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ደሴ ለሚኖር ሰው ቁም ሣጥን ይበቃል። ባቲ፣ ከሚሴ ወይም ቆቦ ከሆንሽ ፍሪጅ ፈልጊለት፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይግባ። በመኪና ስትሄጂም መስታወት ሥር አታስቀምጪው።

አቀባቡ

ማታ፣ የቀኑ ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሰላት የምትሰግጂ ከሆነ ዒሻን ከሰገድሽ በኋላ አድርጊው፤ ቀብተሽው ለውዱእ ፊትሽን ብትታጠቢ ይሄዳል። በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ ስለሚሆን ከፆሙ ጋር አይጋጭም። ቤቱ በጭስ ታፍኖ ዐይንሽ ቀልቶ ከሆነ ረጋ እስኪል ጠብቂ።

ኩሉንና ማስካራውን አስለቅቂ፣ ፊትሽን በሳሙና ታጠቢ፣ አድርቂ። ኮንታክት ሌንስ ካለሽ አውልቂው፤ ከቀባሽ 15 ደቂቃ በኋላ መልሰሽ ማድረግ ትችያለሽ። ከዚያ እጅሽን ታጠቢ። መድኃኒቱ ከራሱ መቀቢያዎች ጋር ነው የሚመጣው፤ 3 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 60 መቀቢያ አለው፣ ለእያንዳንዱ ዐይን አንድ፣ ለ30 ሌሊት። መቀቢያውን ጋደም አድርገሽ ያዢና ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ አኑሪበት። የጠርሙሱ አፍ መቀቢያውንም፣ ጣትሽንም፣ ምንንም አይንካ።

አሁን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ላይ ደረስን። ኩል ስትኳይ የለመድሽው ከሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ፣ እርጥቡ ጠርዝ ላይ ነው። ይሄ ግን ከውጭ ነው፤ ሽፋሽፍቱ ከቆዳው በሚወጣበት ሥር ላይ፣ በላይኛው ቆብ ብቻ። ከአፍንጫሽ በኩል ጀምረሽ ወደ ጆሮሽ በኩል አንዴ ብቻ ስስ መስመር አስምሪ። ቆዳው ወዛ ካለ በቂ ነው፣ መፍሰስ የለበትም። የተረፈውን በሶፍት ዳብሰሽ አንሺ፤ ፈሳሹ ጉንጭሽ ላይ በየቀኑ ከወረደ እዚያም ፀጉር ሊያበቅል ይችላል። መቀቢያውን ጣይ፣ ለሌላው ዐይን አዲስ አውጪ። ቁጠባ ብለሽ አንዱን ለሁለቱም ዐይን ካደረግሽ የአንዱን ጀርም ለሌላው አሻገርሽ ማለት ነው። የእህትሽ የኩል ብሩሽማ ጨርሶ አይነሣ።

የታችኛውን ቆብ አትቀቢ፤ ስትጨፍኚ የሚደርሰው ይበቃዋል። ትንሽ ዐይንሽ ውስጥ ቢገባ ጉዳት የለውም፣ መታጠብም አያስፈልግ። አንድ ሌሊት ከረሳሽ ዝለዪውና በማግሥቱ ቀጥዪ። ሁለቴ መቀባት አያፈጥነውም፣ መቅላቱን ብቻ ያበዛዋል።

መቼ ይታያል?

በመጀመሪያው ወር ምንም። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቹ «ተጭበርብሬ ነው» ብለው የሚመለሱት። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ወደ 8ኛው ሳምንት ገደማ ነው፣ ሙሉ የሚሆነው በ16ኛው። መስከረም 1 የጀመረች ሴት ጥቅምት ማብቂያ ላይ ፍንጭ ታያለች፣ 16 ሳምንቷን የምትሞላው ታኅሣሥ 23 ነው። ለጥር ሰርግ በኅዳር የሚመጡትን «ረፍዷል» የምላቸው ለዚህ ነው። የአራት ወሩን ወጪ ከመነሻው አስቢው፤ ሁለት ወር ቀብቶ ማቋረጥ ገንዘብ መድፋት ነው።

በየወሩ እዚያው መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። መስታወት በየቀኑ ስለምታዪው አይነግርሽም።

የሚያመጣው ጣጣ

ማሳከክ፣ መቅላትና የቆብ ቆዳ መጥቆር ዋናዎቹ ናቸው፤ በጥናቱ እያንዳንዳቸው ከ100 ሰው ከ4 ባነሱት ላይ ታይተዋል። የቆዳው መጥቆር ስታቆሚ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። የዐይን ቀለም መጥቆር ግን እንደማይመለስ ነው የሚታሰበው፤ ቡናማ ዐይን ላይ ብዙም አይለይም፣ ቢሆንም ማወቅ አለብሽ። ለረጅም ጊዜ ሲቀባ በዐይን ዙሪያ ያለው ስብ ሊሳሳና ዐይን ጎድጎድ ሊል ይችላል። ከመጀመሪያውም ጎድጎድ ያለ ዐይን ያላት ሴት ይህን በደንብ ታስብበት።

ቢያሳክክሽ ዴክሳሜታዞን ጠብታ ገዝተሽ አትጨምሪ። ያስታግሣል፣ አዎ፤ ግን በዘፈቀደ ሲወሰድ የዐይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። ዐይንሽ ካመመሽ፣ ማየትሽ ድንገት ከቀነሰ፣ ብርሃን ከጠላሽ ወይም ዐይንሽ ከተመታ መቀባቱን አቁመሽ በዚያው ቀን ታዪ።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ

የጉሎ ዘይት ሽፋሽፍትን ያወዛል፣ ያብለጨልጫል፤ እንደሚያሳድግ ማስረጃ የለም። ከገበያ በዱቄት የሚሸጥ ኩል እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ለሕፃን አትኳዪ። ለራስ ፀጉር የሚሸጠውን ሚኖክሲዲል ዐይን አጠገብ አታድርሺው። በሙጫ የሚለጠፍ ሽፋሽፍት ለአንድ ቀን ያምራል፤ ሲደጋገም የራስሽን ከሥሩ ይነቅላል።

ስታቆሚ

«ዕድሜ ልኬን ልቀባ ነው?» ይሉኛል። እስከፈለግሽው ድረስ ነው። ስታቆሚ ሽፋሽፍቱ በአንድ ሌሊት አይረግፍም፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ እያንዳንዱ ፀጉር ጊዜውን ጨርሶ ሲወድቅ ወደ ድሮው መጠን ይመለሳል። ከድሮው አያንስም። ከ16 ሳምንት በኋላ መቀጠል የምትፈልግ ሴት ሐኪሟ የሌሊቱን ቁጥር ሊቀንስላት ይችላልና ትጠይቅ።

ልጅቷ ቆቧ ተገልብጦ ታየ፤ ንጹሕ ነበር። ማዘዣ ይዛ ተመልሳ በወጉ ጀመረች። እናትየውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሻሻቸው ዐይናቸው ላይ ሳይሆን ትከሻቸው ላይ ሆኖ መጡና ባንኮኒው ላይ ደገፍ አሉ። «በይ እንግዲህ፣ ፀጉሩ አደብ ከገዛማ ለኔም ከዛች ቅባት ጣል አርጊልኝ፤ ከልጄ ምን አንሼ?» አሉ። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። አልሰጠኋቸውም። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ሽፋሽፍት እንደገና ሊቀለበስ ስለሚችል፣ እንዲህ ባለ ቆብ ላይ ማሳደጊያ አይቀባም፤ በቀጠሮ ቀን ሄዶ ማሳየት እንጂ። የቀጠሮ ካርዳቸውን ጠየቅኋቸው። ረስተውት ኖሮ ልጅቷ ከቦርሳዋ አወጣችላቸው።